ደረቅ ሐይቅ፣ ያልፈረሰ ግድብ፦ የሂውስተን የአዲክስና የባርከር የአፈር ግድቦች የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ከሂውስተን መሀል ከተማ ተነሥቶ በኢንተርስቴት 10 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው፣ ከተማው ገና ሳያልቅ በሁለት ትልልቅ ግድቦች መካከል ያልፋል፤ ማለፉን ግን ብዙውን ጊዜ አያውቅም። በስተቀኙ አዲክስ፣ በስተግራው ባርከር የሚባሉት እነዚህ ግድቦች ሲታዩ ሣር የለበሱ፣ ረጅምና ዝቅ ያሉ የአፈር ጉብታዎች ናቸው። በጀርባቸው ውሃ የለም፤ ያለው ዱር፣ የኳስ ሜዳ፣ የብስክሌት መንገድና የመኪና ጎዳና ነው። ግድብ ሲባል እንደ ቆቃ ወይም እንደ ተከዜ ውሃ አቁሮ ተርባይን የሚያዞር ሥራ ለሚታየው የአገራችን አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ግድቦች ጥቅም የሚገኘው ግን ከባዶነታቸው ነው። መብራት አያመነጩም፣ መስኖ አያጠጡም፣ ለከተማው የመጠጥ ውሃ አይሰጡም፤ ሥራቸው ዝናብ በጣለ ጊዜ ጎርፉን ለጥቂት ቀናት ይዞ ቀስ እያሉ መልቀቅና እንደገና ባዶ ሆኖ መጠበቅ ነው።

ይህ ጥናት እነዚህን ሁለት ግድቦች የመረጠው ፈርሰው ስላያውቁ ነው። የግድብ ደኅንነት ጽሑፎች በአብዛኛው የተደረመሱ ግድቦችን ታሪክ ይተርካሉ። አዲክስና ባርከር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በሃርቪ አውሎ ነፋስ ጊዜ ከተሠሩ ጀምሮ አይተውት የማያውቁትን ውሃ ተሸክመው ሳይፈርሱ ቆዩ፤ ያም ሆኖ ከላይም ከታችም በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በውሃ ተጥለቀለቁ። የአፈሩ ጉብታ ደኅና ሆኖ ሰዎቹ እንዴት ደኅና ሳይሆኑ ቀሩ የሚለው ጥያቄ ነው የጉዳዩ አንጓ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግድቦቹ ለምን ተሠሩ

ሂውስተን የተቆረቆረችው ቡፋሎ ባዩ በሚባል ዝግ ብሎ በሚሄድ ወንዝ ዳር ነው። ባዩ በዚያ አካባቢ አነጋገር ወንዝም ጅረትም የሆነ፣ ዳገትና ቁልቁለት በሌለው ሜዳ ላይ የሚጠማዘዝ የውሃ መስመር ነው። መሬቱ ዝርግ፣ አፈሩም በአብዛኛው ውሃ በቶሎ የማያሰርግ ሸክላማ በመሆኑ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ይተኛል። በ1929 ከተማዋ በጎርፍ ተጎዳች፤ በዲሴምበር 1935 የመጣው ግን ከዚያ ባሰ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ የንግዱ ቀጠና 25 ብሎኮችና 100 ያህል የመኖሪያ ብሎኮች ውሃ ገባባቸው፣ የኢኮኖሚዋ እስትንፋስ የሆነው ወደብም ተጎዳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1937 የቴክሳስ ምክር ቤት ሂውስተን ለምትገኝበት ለሃሪስ ካውንቲ (አውራጃ) የጎርፍ መቆጣጠሪያ ዲስትሪክትን አቋቋመ፤ በ1938 ደግሞ የፌዴራሉ ኮንግረስ የቡፋሎ ባዩን ፕሮጀክት ፈቀደ። ሥራውን የያዘው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ነበር። የመጀመሪያው ዕቅድ ከዛሬው ሥራ በጣም የሰፋ ሲሆን፣ ከአዲክስና ከባርከር በተጨማሪ በዋይት ኦክ ባዩ ላይ ሦስተኛ ማጠራቀሚያ፣ ውሃውን ከከተማዋ ዙሪያ አሳልፎ ወደ ባሕር የሚወስዱ ቦዮች፣ እንዲሁም በሰሜን በኩል የሳይፕረስ ክሪክ ውሃ ወደ አዲክስ እንዳይሻገር የሚከለክል የአፈር ክትር ነበረው። ከነዚህ ሁሉ ሁለቱ ግድቦች ብቻ ተሠሩ። ባርከር በ1945፣ አዲክስ በ1948 ተጠናቀቀ። ስለዚህ ዛሬ የምናያቸው ሁለት ግድቦች የአንድ ሙሉ ሥርዓት ሁለት አካላት እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አይደሉም፤ ቀሪው በወረቀት ላይ ቀረ፣ ግድቦቹ ግን የቀሪውንም ሸክም ተሸከሙ።

ስፋታቸውን ለመገመት፣ የአዲክስ ግድብ ርዝመት 18.6 ኪሎ ሜትር፣ የባርከር ደግሞ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታቸው ግን ትንሽ ነው፤ ከወንዙ ወለል ሲለካ አዲክስ 15 ሜትር፣ ባርከር 11 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሸለቆ በሌለበት ሜዳ ላይ ውሃ መያዝ የሚቻለው እንዲህ ረጅምና ዝቅ ያለ ጉብታ በመዘርጋት ብቻ ነው። ውጤቱም ጥልቀቱ ትንሽ፣ ስፋቱ ግን እጅግ ትልቅ የሆነ ሐይቅ ነው፤ የውሃው ከፍታ በአንድ ክንድ ሲጨምር ዳርቻው ወደ ኋላ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዛት እጠይቃለሁ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የሚመለሰው ወደ እርሷ ነው።

ባዶ ማድረግ እንደ ሥራ

የጎርፍ መቆጣጠሪያ ግድብ አሠራር በአንድ ሕግ ይጠቃለላል፤ ውሃው ሲመጣ ያዝ፣ ሲያልፍ ልቀቅ። በአዲክስና በባርከር ሲጀመር ይህ ሕግ በአብዛኛው በራሱ የሚሠራ ነበር። እያንዳንዱ ግድብ አምስት የማስወጫ ቱቦዎች ሲኖሩት፣ ከአምስቱ አራቱ በር አልነበራቸውም፤ ውሃው በቱቦዎቹ ጥበት ልክ እየተመጠነ ያለ ሰው እጅ ይወጣ ነበር። ይህ ንድፍ የታሰበው ከግድቡ በታች ያለው የቡፋሎ ባዩ መስመር ተቆፍሮና ተቃንቶ ብዙ ውሃ እንዲያሳልፍ ይደረጋል በሚል ነው። ማቃናቱ ግን በታሰበው መጠን አልተሠራም። ዳርቻው በቤቶች እየተሞላ ሄደ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ነዋሪዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ወንዙ በኮንክሪት እንዳይቀበር ተሟግተው አሸነፉ። በዚህ መሃል ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ በር እየተገጠመላቸው በ1963 ሁሉም የሚከፈቱና የሚዘጉ ሆኑ።

በር መግጠሙ ትንሽ የምሕንድስና ለውጥ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን በግድቦቹ ታሪክ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ቀድሞ ውሃው ራሱ የሚወስነውን ከዚያ በኋላ ሰው የሚወስነው ሆነ፤ በሩን በዘጋ ቁጥር ከላይ ላለው መሬት፣ በከፈተ ቁጥር ከታች ላለው ሰፈር ተጠያቂ የሚሆን ሰው ተፈጠረ። የኮሩ የውሃ አስተዳደር መመሪያ እንደሚያዝዘው፣ ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ከታች ያለው የባዩ ውሃ ሲጎድል ደግሞ ከሁለቱም ግድቦች በድምሩ በሴኮንድ 2,000 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 57 ሜትር ኪዩብ ያህል እየተለቀቀ ማጠራቀሚያው ይደርቃል። ይህ ልክ የተወሰነው ግድቡ ሊያወጣ በሚችለው ሳይሆን፣ በታችኛው ዳርቻ ያሉት ቤቶች ሳይነኩ ወንዙ ሊሸከም በሚችለው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሴኮንድ 57 ሜትር ኪዩብ ማለት በቀን አምስት ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ሁለቱ ማጠራቀሚያዎች አራት መቶ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ቢይዙ በዚህ ልክ ለማድረቅ ወደ ሦስት ወር ይፈጃል። በሂውስተን ግን ሦስት ወር ሙሉ ከባድ ዝናብ አይመጣም ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም፤ ሁለተኛው ዝናብ የፊተኛው ውሃ ሳይወጣ ቢደርስ ግድቡ የሚቀበለው በከፊል ተሞልቶ ነው። የጎርፍ ግድብን ደኅንነት የሚለካ ሰው አፈሩን ከመመርመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በስንት ቀን ይደርቃል የሚለው ነው።

የአፈር ግድብ ሕመም

የአፈር ግድብ በሦስት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስበት ነው፤ አፈር ድንጋይ አይደለምና በላዩ የሚወርድ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሊቦረቡረው ይችላል። ሁለተኛው ጎኑ ሲንሸራተት ነው። ሦስተኛው፣ ለዓይን የማይታየውና ባለሙያን እንቅልፍ የሚነሣው፣ የውስጥ ሽርሸራ ነው። ውሃ በየትኛውም የአፈር ግድብ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን ይሰርጋል፤ ስርገቱ ራሱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው የሚሰርገው ውሃ የአፈር ቅንጣት ይዞ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ቅንጣቷ ትሄዳለች፣ ቦታዋ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው ውሃ ይስባል፣ የተሳበው ውሃ ሌላ ቅንጣት ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ ከመውጫው ወደ ውስጥ የሚቆፈር ቀዳዳ ይሆናል። በጁን 1976 በአይዳሆ ግዛት የቲቶን ግድብ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ የፈረሰው በዚህ መንገድ ነበር፤ ጠዋት ጭቃ የያዘ ምንጭ ታየ፣ ከቀትር በፊት ግድቡ ተደረመሰ። ስለዚህ ግድብ የሚጠብቅ ሰው ከግርጌው ውሃ ሲወጣ ቢያይ መጀመሪያ የሚያጣራው መጠኑን ብቻ አይደለም፤ ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ የሚለውንም ነው።

በአፈር ግድብ ውስጥ ለዚህ ሕመም በጣም የተጋለጠው ቦታ ቱቦ የሚያልፍበት ነው። ኮንክሪቱና አፈሩ እኩል አይሰምጡም፤ በቱቦው ጎንና ከሥሩ ያለውን አፈር ማሽን ገብቶ እንደ ሌላው ስፍራ ሊጠቀጥቀው አይችልም። በዚያ ላይ አዲክስና ባርከር ደረቅ ግድቦች በመሆናቸው የተለየ ችግር አለባቸው። ሁልጊዜ ውሃ የሚይዝ ግድብ ድክመቱን በየዕለቱ ስለሚያሳይ በየዕለቱ ይለካል፤ ባዶ የሚከርም ግድብ ግን ፈተናውን የሚወስደው በጎርፍ ቀን ብቻ ነው። ለዓመታት ደርቆ የተሰነጠቀው ጉብታ በአንድ ሌሊት ውሃ ይደገፍበታል። መሣሪያው ሲነበብም፣ ጠባቂው ሲዞርም፣ የግድቡ ጎን በሣር ብቻ እንዲሸፈንና ዛፍ እንዳይበቅልበት፣ አውሬም ጉድጓድ እንዳይምስበት ሲደረግም፣ ዓላማው ያች ሌሊት ስትመጣ ድብቅ ነገር እንዳይኖር ነው። ሣሩ የሚታጨደው ለውበት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ረጅም ሣር ግን ስርገትንም ስንጥቅንም ይሸፍናል።

በሂውስተን የስርገቱ ጉዳይ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስርገቱን የሚገታ የከርሰ ምድር ግድግዳ በግድቦቹ ውስጥ ተሠራ፤ ጠባብና ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ውሃ በማያሳልፍ ድብልቅ ተሞላ ማለት ነው። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ የግድቦቹ አናት ከፍ ተደረገ፣ ዝቅ ብለው የቀሩት ጫፎቻቸውም በኮንክሪት ተለበጡ። የመጨረሻው ሥራ ትርጉም በግልጽ መነገር አለበት። ጎርፉ ከአቅም በላይ ከሆነ ውሃው በመሃሉ አናት ላይ ሳይሆን በተለበጡት ጫፎች ዞሮ እንዲሄድ መንገድ ተበጀለት። ግድቡን ከመፍረስ ለማዳን የተደረገ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን በጫፎቹ ፊት ለፊት የሚኖር ሰው የውሃው መውረጃ ላይ ተቀመጠ።

በ2009 ኮሩ በአገሪቱ ያሉትን ግድቦቹን በስጋት ደረጃ ሲመድብ፣ አዲክስና ባርከርን ከአምስቱ ደረጃዎች የመጀመሪያውና አስቸኳይ በሆነው ውስጥ አስገባቸው። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ በማስወጫ ቱቦዎቹ አካባቢና ሥር ባዶ ቦታዎች መገኘታቸው፣ ከታች ደግሞ በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ አራተኛዋ ከተማ መኖሯ። ይህ ምደባ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ስጋት የሚሰላው የመፍረስን ዕድል ብቻ በመመልከት አይደለም፤ ዕድሉ ቢፈርስ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ተባዝቶ ነው። አንድ ዓይነት ድክመት ያለበት ግድብ በበረሃ ቢሆን ዝቅተኛ፣ ከሚሊዮኖች ራስጌ ቢሆን ከፍተኛ ደረጃ ያገኛል። ግድቦቹ ዕለቱን ይፈርሳሉ ያለ አልነበረም፤ እንዲህ ካለ ከተማ በላይ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይዞ መቀመጥ አይቻልም ነው የተባለው።

የተወሰደው እርምጃ ደረጃ በደረጃ ነበር። ባዶ ቦታዎቹ በሲሚንቶ ውሕድ ተሞሉ፤ የክትትሉ ሥርዓት ጠበቀ፣ ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ቀንና ሌሊት ጠባቂ እንዲኖር ተደረገ፤ ቀጥሎም አሮጌዎቹን ቱቦዎች ጨርሶ ትቶ በእያንዳንዱ ግድብ ላይ አዲስ የማስወጫ ሥራ እንዲገነባ ተወሰነ። ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተመደበለት ይህ ግንባታ በ2016 ተጀመረ፣ በ2020 ተጠናቀቀ። የሃርቪ ጎርፍ የደረሰው ግንባታው በተጋመሰበት ጊዜ ነው።

ከወሰኑ ያለፈው ሐይቅ

እስካሁን ያልነው ስለ ጉብታው ነው። አሁን ከጉብታው ጀርባ ስላለው መሬት እንናገር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነውና።

መንግሥት በ1940ዎቹ ከግድቦቹ ጀርባ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዛ። ይህ ትልቅ መሬት ነው፤ ነገር ግን ግድቦቹ ሊይዙት የሚችሉት ውሃ ከሚያርፍበት ያነሰ ነው። በአዲክስ የመንግሥት መሬት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 103.1 ጫማ ከፍታ ይደርሳል፤ ውሃው በግድቡ ጫፍ ዞሮ መፍሰስ የሚጀምረው ግን 108 ጫማ ሲደርስ ነው። በባርከርም ወሰኑ 95 ጫማ፣ ጫፉ 104 ጫማ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው መሬት የግለሰብ ነው፣ በንድፉ ግን የሐይቁ አካል ነው። በዚያ ዘመን ስፍራው የሩዝ እርሻና የከብት ግጦሽ ስለነበር፣ በብዙ ዓመት አንዴ ለጥቂት ቀናት ውሃ ቢተኛበት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል ነው፤ ስለዚህ መሬቱን ሁሉ መግዛት እንደ ብክነት ታየ። ለጊዜው ስሌቱ ስህተት አልነበረም። ስህተት የሆነው ሩዙ ሄዶ ከተማው ሲመጣ ማንም ተመልሶ ስላላሰላው ነው።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሂውስተን ወደ ምዕራብ ስትሰፋ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው መሬት ተሸንሽኖ ቤት ተሠራበት። መንገድ ወጣ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ባንክ ብድር ሰጠ። ብዙዎቹ ቤቶች የፌዴራሉ ካርታ የመቶ ዓመት ጎርፍ ቀጠና (በየዓመቱ በጎርፍ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ስፍራ) ብሎ ከሚያሰምረው ውጭ ስለነበሩ፣ ባለቤቶቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዲገዙ አልተገደዱም፤ አብዛኞቹም አልገዙም። በአጎራባቹ በፎርት ቤንድ ካውንቲ በአንዳንድ የሰፈር ፕላኖች ላይ መሬቱ ለረጅም ጊዜ በውሃ ሊያዝ እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወሻ ሰፍሯል። ነገር ግን የሰፈሩን ፕላን ከካውንቲ መዝገብ አውጥቶ ግርጌውን አንብቦ ቤት የሚገዛ ሰው ስንት ነው?

አዋቂዎቹ አላወቁም ማለት አይቻልም። በ1996 የሃሪስ ካውንቲ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ዲስትሪክት መሐንዲሶች፣ ከማጠራቀሚያዎቹ ጀርባ ያሉት ሰፈሮች ለጎርፍ መጋለጣቸውን ጽፈው፣ ውሃው ከመሬት በታች በሚያልፍ ትልቅ መስመር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡ ገንዘብ ስላላገኘ ቀረ። በኤፕሪል 2016 የጣለው ዝናብ ደግሞ ሁለቱንም ማጠራቀሚያዎች እስከዚያ ወደማያውቁት ከፍታ አደረሳቸው፤ ውሃው ከመንግሥት መሬት ወሰን ጋር ተስተካክሎ ተመለሰ። ዐሥራ ስድስት ወር ቀርቶት የመጣ ማስጠንቀቂያ ነበር።

የኦገስት 2017 ሌሊት

ሃርቪ በኦገስት 25 ቀን ደረጃ 4 አውሎ ነፋስ ሆኖ ከሂውስተን ደቡብ ምዕራብ ርቆ ባሕሩን ለቀቀና ወደ የብስ ወጣ። ነፋሱ ወዲያው ደከመ፤ ደመናው ግን አልሄደም። በአራት ቀን ውስጥ በሃሪስ ካውንቲ ላይ በአማካይ ከ800 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ጣለ፤ አዲስ አበባ ክረምትና በልግ ተደምሮ በዓመት ከምታገኘው ሁለት ሦስተኛውን የሚያልፍ ማለት ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ያ ያልተሠራው የ1930ዎቹ ክትር በጠፋበት ስፍራ የሳይፕረስ ክሪክ ውሃ ሞልቶ ሜዳውን ተሻግሮ ወደ አዲክስ ገባ።

ኮሩ በሮቹን ዘግቶ ውሃውን ያዘ። ይህ በመመሪያው መሠረት ትክክል ነው፤ ከታች ያለው ባዩ በራሱ ዝናብ ሞልቶ ነበርና። ነገር ግን ውሃው በሰዓት ከ15 ሴንቲሜትር በላይ መጨመር ሲጀምር ምርጫው ጠበበ። በሩ ተዘግቶ ቢቆይ ሐይቁ ወደ ኋላ እየሰፋ ተጨማሪ ቤት ይውጣል፣ በመጨረሻም በግድቡ ጫፍ ማንም በማይቆጣጠረው መንገድ ይፈሳል፤ በሩ ቢከፈት ደግሞ አስቀድሞ የሞላው ባዩ የዳርቻውን ቤቶች ያጥለቀልቃል። መመሪያው ለዚህ ጊዜ ያለው ቃል ግልጽ ነበር፤ ውሃው ከተወሰነ ከፍታና ፍጥነት ካለፈ፣ ከታች ጉዳት ቢደርስም ክፈት ይላል። መልቀቁ በኦገስት 28 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንዲጀመር ታቅዶ ነበር፤ ውሃው ከተተነበየው ፈጥኖ ስለመጣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ በሮቹ ተከፈቱ። ነዋሪው ተኝቶ ሳለ የሁለት ሰዓት ማስጠንቀቂያ መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚለቀቀው ውሃ በቀናት ውስጥ ከመደበኛው ልክ ስድስት እጥፍ በላይ፣ በሴኮንድ ወደ 370 ሜትር ኪዩብ ደረሰ። ይህም ሆኖ ሐይቁ መሙላቱን ቀጠለ። በኦገስት 29 የአዲክስ ውሃ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሜኑ ጫፍ ዞሮ ፈሰሰ፤ በማግሥቱ 109.1 ጫማ ላይ ጣሪያውን ነካ፣ ማለትም ከመንግሥት መሬት ወሰን 1.8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ባርከር በዚያው ቀን 101.6 ጫማ ደረሰ፣ ከወሰኑ ሁለት ሜትር በላይ። በድምሩ ከ450 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ ውሃ ታቁሮ ነበር። ከግድቦቹ ጀርባ ያሉት ቤቶች ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ከሳምንት በላይ በውሃ ውስጥ ቆሙ፤ ጎርፉ መጥቶ የሚሄድ ጎርፍ ሳይሆን የቆመ ሐይቅ ነበርና። ከታችም በባዩ ዳር ያሉ ሰፈሮች፣ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሳይቀር፣ ከግድቡ በሚለቀቀው ውሃ ተይዘው ሰነበቱ።

በካውንቲው በሙሉ ውሃ የገባባቸው ቤቶች ቁጥር ከ154 ሺህ ያልፋል፤ ከነዚህ አብዛኞቹ ከግድቦቹ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ጉብታዎቹ ራሳቸው አልተናዱም። በቱቦዎቹ ሥር የተገኙት ባዶ ቦታዎች ሳይሞሉ፣ ቀደም ሲልም የከርሰ ምድሩ ግድግዳ ሳይሠራ ይህ ውሃ መጥቶ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የጥገናው ገንዘብ በከንቱ እንዳልወጣ ይረዳል። የኮሩ የደኅንነት ሥራ ግድቡን አድኗል፤ ይህ መካድ የለበትም።

ማን ይክፈል

ክርክሩ ወደ ፌዴራሉ የካሳ ፍርድ ቤት ሄዶ በሁለት መዝገብ ተከፈለ። ከግድቦቹ ጀርባ የሚኖሩት በአንድ፣ ከታች የሚኖሩት በሌላ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ መንግሥት የግለሰብን ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ካሳ እንዲከፍል ያዝዛል፤ ጥያቄው ውሃ ማስተኛት መውሰድ ነው ወይ የሚል ነበር።

በዲሴምበር 2019 ዳኛ ቻርልስ ሌቶ የላይኞቹን ተከራካሪዎች ጉዳይ አይተው መንግሥት ተጠያቂ ነው ሲሉ ወሰኑ። ምክንያታቸው ለምሕንድስና ሰው ትምህርት የሚሆን ነው። ግድቦቹ የተነደፉት ከመንግሥት መሬት ያለፈ ውሃ እንዲይዙ ነው፣ ኮሩም ይህን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ የሆነው ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ግድቦቹ እንደተነደፉት መሥራታቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ሌላው ዳኛ ሎረን ስሚዝ የታችኞቹን ክስ ውድቅ አደረጉ፤ ከተፈጥሮ ጎርፍ ፍጹም የመጠበቅ የንብረት መብት የለም በማለት። በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ውሳኔ ሽሮ መዝገቡን መልሶ ላከው።

ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የግድቡን ተፈጥሮ ያያል። ታች ያለው ሰው ግድቡ ባይኖር ኖሮ ከዚህ የባሰ ጎርፍ ይደርስበት ነበር ሊባል ይችላል። ላይ ያለው ሰው ግን ግድቡ ባይኖር ውሃው በደጁ አልፎ ይሄድ ነበር፤ የቆመበት ግድቡ ስላለ ነው። የጎርፍ ግድብ ውሃን አያጠፋም፤ ከአንዱ ሰው ደጅ አንሥቶ በሌላው ላይ ያስቀምጣል። ያ ሌላው ሰው ማን እንደሆነ በካርታ፣ በውልና በክፍያ አስቀድሞ ካልተወሰነ ውሳኔው ለእኩለ ሌሊቱ የበር ጠባቂ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ በ2020 አዲሶቹ የማስወጫ ሥራዎች ተጠናቀው የስጋቱ ዋና ምንጭ የነበሩት አሮጌ ቱቦዎች ከአገልግሎት ወጡ። በዚያው ዓመት ኮሩ በሳይፕረስ ክሪክ ሦስተኛ ማጠራቀሚያ እንዲሠራና ቡፋሎ ባዩ እንዲሰፋ የሚል መነሻ ሐሳብ አወጣ፤ አንደኛው በሜዳው ተፈጥሮ ጠባቂዎች፣ ሁለተኛው በባዩ ዳር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። በ1996 ተጽፎ የቀረው የከርሰ ምድር መስመር ሐሳብም በዋሻ መልክ ተመልሶ ጥናት ተደረገበት። ውሃ የገባባቸው ቤቶች በአብዛኛው ታድሰው ሰው ገብቶባቸዋል፣ ተሽጠዋል፣ ተገዝተዋል። በአዲክስ ጀርባ የመንግሥትን መሬት ከግለሰቡ የሚለየው የ103.1 ጫማ መስመር ግን በሰፈሮቹ አጥር ሥር በ1940ዎቹ በተሰመረበት ስፍራ አለ።